የመደብ ኪራይና የእጅ ጥበብ ዋጋ

የሥነ ጥበብ ሂስ በአገራችን ዘወትር ዓይኑን የሚጥለው በሥራው ላይ ነው። ሥዕሉ፣ ቅርጻ ቅርጹ፣ ስፌቱ ምን ይዘት አለው? ቅርጹስ ከይዘቱ ጋር ምን ያህል ተዋሕዷል? ብሎ ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራው ከሠሪው እጅ ወጥቶ በሕዝብ ፊት የሚቀመጥበት ቦታ፣ ለቦታው የሚከፈለው ገንዘብና ገንዘቡ የሚጠየቅበት ሥርዓት ከሂሱ ውጭ ሲቀሩ ይታያል። ነገሩ ለሒሳብ ሠራተኛ የተተወ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዘነጋ ጉዳይ ወደ መድረክ ማውጣት ነው። በባዛርና በኤግዚቢሽን ላይ ከጥበብ ሰው የሚጠየቀው የመደብ ኪራይ የአዘጋጁን ወጪ መሸፈኛ ብቻ አይደለም። የሚሠራውን ሥራ ዓይነት፣ መጠንና ጥራት አስቀድሞ የሚወስን ኃይል ነው። ስለዚህ ኪራዩ እንዴት ይተመን? የሚለው ጥያቄ፣ ምን ዓይነት ጥበብ እንዲኖረን እንሻለን? ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ምሳሌያችንን ከቅርብ እንጀምር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜ ትገኛለች። እንደ ማንኛውም የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ሁሉ በሉማሜም በገበያ ቀን የገጠሩ ሰው የእጁን ሥራ ይዞ ይወጣል። ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ እንስራው፣ ጋቢው በየተራው ይደረደራል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንሻው አንድ ነገር አለ። የገጠሯ ሰፊ መሬት ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ስትዘረጋ ገበያው ከእርሷ አስቀድሞ የሚጠይቃት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ካልሸጠች የደረሰባት ጉዳት የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ሰፌዷን ተሸክማ ትመለሳለች፤ በሳምንቱም ትመጣለች። ገበያው አይከስራትም።

አሁን ያችው ሰፊ ዓባይን ተሻግራ በአዲስ አበባ የበዓል ባዛር ላይ መደብ ልትይዝ አሰበች እንበል። እዚህ የምታገኘው ሥርዓት ፈጽሞ ሌላ ነው። በመዲናይቱ የአዲስ ዓመት፣ የገናና የፋሲካ ባዛሮች ለረጅም ዓመታት ሲካሄዱ የቆዩት በአብዛኛው በጨረታ ነው። በመስቀል አደባባይ የሚገኘው ኤግዚቢሽን ማዕከል የበዓሉን ወቅት ለተወዳዳሪ አዘጋጆች ያቀርብ ነበር፤ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው አዘጋጅ ቦታውን ይረከባል፤ ከዚያም አዳራሹንና ግቢውን በካሬ ሜትር ሸንሽኖ ለነጋዴ ያከራያል። በዚህ አሠራር የመደቡ ዋጋ የሚወለደው ከጨረታው ነው። አዘጋጁ ለቦታው አብዝቶ በከፈለ ቁጥር በየመደቡ ላይ አብዝቶ መጫን ግድ ይሆንበታል። የመጨረሻዋ ተሸካሚ በጨረታው ቀን ያልነበረች፣ ስለ ጨረታውም ያልሰማች ሰፊ ናት።

ይህ ዓይነቱ ተመን በኮንቴይነር ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ አይከብድ ይሆናል። እርሱ አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ በሺህ ይሸጣል፤ ኪራዩን ለሺህ አካፍሎ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጥቂት ብር ይጨምራል። ሰፊዋ ግን የምታካፍልበት ሺህ የላትም። ቁጥሩ ምሳሌ መሆኑን አስቀድመን ገልጸን እናስላው። የመደቡ ኪራይ 9,000 ብር፣ መጓጓዣዋ፣ መኝታዋና ምግቧ 3,000 ብር ይሁን። አንዱን አነስተኛ መሶብ 1,200 ብር ትሸጣለች፤ ከዚህ ውስጥ የአክርማው፣ የስንደዶው፣ የቀለሙና የድካሟ ዋጋ 800 ብር ቢሆን 400 ብር ይተርፋታል። እንግዲህ 12,000 ብሩን ለመመለስ 30 መሶብ መሸጥ አለባት። አንዱን መሶብ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ቢፈጅባት ይህ የሰባት ወር ስፌት ነው። የሰባት ወር ሥራዋን ሁሉ ሸጣ ቤቷ የምትገባው የድካሟን ዋጋ ብቻ ይዛ ነው። 12 መሶብ ሸጣ ባዛሩ ቢዘጋ ደግሞ 7,200 ብር ከገዛ ድካሟ ላይ ከፍላ ትመለሳለች። አዘጋጁ በሁለቱም መንገድ 9,000 ብሩን አስቀድሞ ተቀብሏል።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ቅድሚያ የሚከፈል ቋሚ ኪራይ የገበያውን አደጋ በሙሉ ከባለ ብዙ ወደ ባለ ጥቂት ያሸጋግራል። ማስታወቂያው ደካማ ቢሆን፣ ዝናብ ቢጥል፣ ጎብኚ ቢቀር ጉዳቱ የሠሪው ነው። ማስታወቂያውን የሚያስነግረው፣ ቀኑን የሚመርጠው፣ የመግቢያውን ዋጋ የሚቆርጠው ግን አዘጋጁ ነው። ውሳኔው በአንድ ወገን፣ መዘዙ በሌላ ወገን የሚሆንበት ውል እኩል ውል ሊባል አይችልም። በዚህ ላይ ጎብኚው በር ላይ ከፍሎ የሚገባው መደቦቹን ሊያይ ነው። የጥበብ ሰዎቹ ሥራ የበሩን ገንዘብ ያስገኛል ማለት ነው። እንግዲህ ሠሪው ባዛሩን ያደምቃል፤ ስላደመቀም ይከፍላል።

ወደ ሥነ ጥበቡ እንመለስ። ኪራዩ በሥራው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ በዓይን የሚታይ ነው። ከፍተኛ ኪራይ የከፈለ ሠዓሊ በመደቡ ላይ የሚሰቅለው በቶሎ የሚሸጠውን ነው። አንድ ወር የደከመበትን ሰፊ ሸራ ትቶ አሥር ትናንሽ ሥዕሎችን ይዞ ይመጣል፤ አሥሩም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ቡና የምታፈላ ሴት፣ እንስራ ያዘለች ልጃገረድ፣ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ። እነዚህ ርእሶች በራሳቸው ነውር የለባቸውም፤ ነውሩ በድግግሞሹ ነው። ሰፊዋም እንዲሁ መሶቡን ትታ በሻንጣ የሚገባ ትንሽ ጌጥ ትሰፋለች፤ ሰበዙን ታሳሳለች፤ ጊዜ ለመቆጠብም የአክርማውን ሥራ በፕላስቲክ ክር ትለውጣለች። ሐያሲው ይህን አይቶ «ጥበባችን ወረደ፤ ሠሪዎቻችን ለገንዘብ አደሩ» ይላል። ፍርዱ ግማሽ እውነት ነው። ሠሪው ለገንዘብ ያደረው ገና ሳይሸጥ ባለ ዕዳ ስለተደረገ ነው። የመደቡን ዋጋ ሳይመረምሩ በመደቡ ላይ ያለውን ሥራ መተቸት፣ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ መውቀስ ይቆጠራል።

ሌላም ጉዳት አለ። መደብ ለመያዝ አቅም ያጣ ሠሪ ሥራውን ለነጋዴ ያስረክባል፤ በነጋዴው መደርደሪያም ላይ ስሙ ይጠፋል። ከጎጃም የተነሡት ሠዓሊ ቄስ አዳሙ ተስፋው ሥራዎቻቸውን በአብዛኛው የሸጡት በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ነጋዴዎች በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሬይመንድ ሲልቨርማን ያዘጋጀው መጽሐፍ በሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም በኩል ታትሞ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ለዓለም አስተዋወቀ። የአገር ልጅ ግን ሥዕሎቻቸውን ከማንነታቸው ይልቅ በሱቆቹ ያውቃቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በገዛ መደቡ ላይ ቆሞ «ይህን የሣልሁት እኔ ነኝ» ለማለት ያልታደለ ሠሪ ስንት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ለጥበብ ሰው መደብ የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት፣ ሙገሳውንም ነቀፋውንም በጆሮው የሚሰማበት መድረክ ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በውጭው ዓለም የሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍት ወዳጆች የሚሰበሰቡባቸው ትልልቅ የአድናቂዎች ጉባኤዎች አሉ፤ በእነርሱም ዘንድ ሠዓሊው ለጠረጴዛው ምን ያህል ይክፈል? የሚለው ክርክር የቆየ ነው። በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ጉባኤ ለሠዓሊዎች የተለየ ክፍል አለው። ወደዚያ የሚገባው በምርጫ ነው፤ ተመርጦ የገባ ሠዓሊ ግን የጠረጴዛ ኪራይ አይጠየቅም። ሰፊ ቦታ የሚይዙት ኩባንያዎች ይከፍላሉ፤ ተመልካቹም ለመግቢያ ይከፍላል። በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 በ32 ቡድኖች የተጀመረውና ኮሚኬት የሚባለው ገበያ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ሠሪዎቹ ለቦታቸው ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ሥራው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የሚካሄድ ነው፤ ሻጩም ገዢውም አስተናባሪውም በእኩል ደረጃ «ተሳታፊ» ይባላሉ። ሌሎች ብዙ ጉባኤዎች ከሠዓሊው ቋሚ ክፍያ አስቀድመው ይቀበላሉ፤ ከሽያጩ ግን አይነኩም።

ወገኖቻችንም ከዚህ ዓለም ርቀው አይኖሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የኳስ ውድድር ዙሪያ ምግቡ፣ ልብሱ፣ መጽሐፉና የእጅ ሥራው የሚሸጥባቸው መደቦች ይተከላሉ፤ መደቦቹም ይከራያሉ። በአገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከወጣ ወዲህ የዚህ ጥበብ ወዳጆች ቁጥር እያደገ መሄዱ አይቀርም። ነገ የእነርሱን ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው የበዓል ባዛሩን ተመን እንዳለ ገልብጦ ቢወስድ ወጣቱን ሠዓሊ ገና ከጅምሩ ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ስለዚህ ነገሩን ዛሬ ማሰብ ይሻላል።

በአዘጋጁ በኩል የሚቀርበውን ክርክር ሳንሰማ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። አዘጋጁ «አዳራሽ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ማስታወቂያ ሁሉም ወጪ ነው፤ በነፃ የሚሰጥ ቦታ ይናቃል፤ ተመዝግቦ የሚቀር ብዙ ነው፤ ድርሻ ከሽያጭ እንውሰድ ብንል ደግሞ የሸጠውን የሚደብቅ አለ» ይላል። ይህ ሁሉ እውነት አለው። የጥበብ ሰው መሆን ከወጪ ነፃ መሆን አይደለም። መደብ ይዞ ባዶውን ትቶ የሚጠፋ ሠሪ ሌላውን ሠሪ ይበድላል። ነገር ግን ከእነዚህ ችግሮች አንዱም ቢሆን ቅድሚያ የሚከፈል ከባድ ቋሚ ኪራይን የግድ አያደርግም። ለሚቀረው ሰው መፍትሔው ሲመጣ የሚመለስለት መያዣ ነው። ለሚደበቀው ሽያጭም ዘመኑ መፍትሔ አምጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የመሰለ የክፍያ ዘዴ ባለበት ዘመን የአንድ መደብ ሽያጭ በአንድ ቁጥር ገብቶ ሊታይ ይችላል።

የድርሻ አሠራር ለሕዝባችን አዲስም አይደለም። ገበሬው የእኩል ሲያርስ ዝናብ ቢቀር ባለ መሬቱም አብሮት ያጣል። ይህን ስንል የድሮውን የመሬት ሥርዓት ለማመስገን አይደለም፤ ሲሶውና እኩሉ በአራሹ ላይ ያደረሱት በደል በታሪክ የተመዘገበ ነው። ልናሳይ የፈለግነው፣ ከዚያ ሥርዓት እንኳ ከተገኘው የመካፈል ልማድ እንዳልጠፋ ነው፤ የዛሬው መደብ አከራይ ግን ካልተገኘውም ይወስዳል። በአዝማሪ ቤት ያለውንም ልማድ እንይ። መሰንቆውን ይዞ ለሚገባው አዝማሪ የጠጅ ቤቱ ባለቤት የወንበር ኪራይ አይጠይቀውም። ጠጪውን የሚስበው አዝማሪው መሆኑን ያውቃል፤ ቤቱ ከጠጁ ያተርፋል፤ አዝማሪው ሽልማቱን ይቀበላል። ባለ ጠጅ ቤቱ የተረዳውን ነገር የዘመናዊ ባዛር አዘጋጅ ሊረዳው የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

ከመጠኑ ባልተናነሰ አተማመኑም ያሳስባል። በዚህ ረገድ ምሥራቅ ጎጃም ለአገሪቱ ያስተማረው ትምህርት አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በጎጃም፣ በተለይም በሞጣና በቢቸና፣ የተነሣው ተቃውሞ ከዐመፅ ደረጃ ደረሰ፤ በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሡ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነው፤ ከዋነኞቹ አንዱ ግን ገበሬው ገማቹንና ግምቱን አለማመኑ ነበር። መሬቱ ሲለካ፣ ምርቱ ሲገመት እርስቱ የሚነጠቅ መሰለው። የመደብ ኪራይን ከዚያ ታላቅ ጉዳይ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ሆኖም ሕዝብ የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን በምን ተለክቶ፣ በማን ተገምቶ እንደተጠየቀ ማወቅ እንደሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ዛሬ ለአንዱ ሠሪ መደብ በነፃ፣ ለሌላው በግማሽ፣ ለሦስተኛው በሙሉ ዋጋ ሲሰጥና መስፈርቱ ሳይነገር ሲቀር የሚፈጠረው ቅሬታ ከኪራዩ ክብደት ይብሳል። በባህል ተቋማት አዘጋጅነት በነፃ የሚሰጠው ቦታም ከዚህ ሂስ ነፃ አይደለም። በነፃ የተሰጠ ቦታ ለማንና ለምን እንደተሰጠ ካልታወቀ፣ ጥበብን የሚያሳድግ ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ የትውውቅ ስጦታ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የገዛ እጁን ሥራ የሚሸጥ ሰውና የሌላውን ዕቃ የሚያዞር ነጋዴ በአንድ ተመን አይመዘኑ። ከባዛሩ አንድ ክፍል ለሠሪዎች ይለይ፤ ወደዚያ የሚገቡትም በታወቀ መስፈርትና የሙያ ሰዎች ባሉበት ኮሚቴ ይመረጡ።

ሁለተኛ፣ ክፍያው ሁለት ክፍል ይኑረው፦ የመብራትና የጽዳት ወጪን ያህል የሆነ አነስተኛ መነሻ፣ በዚያም ላይ ከተሸጠው የሚነሣ መጠነኛ ድርሻ። ከላይ ያነሣናት የሉማሜ ሰፊ 1,000 ብር መነሻና ከመቶ 10 ድርሻ ብትጠየቅ፣ 12 መሶብ ሸጣ 2,440 ብር ትከፍላለች፤ ጉድለቷም ከ7,200 ወደ 640 ብር ይወርዳል። 30 መሶብ ብትሸጥ 4,600 ብር ከፍላ ከድካሟ ዋጋ በላይ 4,400 ብር ይተርፋታል። አዘጋጁ በዚህ ስሌት ከእርሷ የሚያገኘው ከ9,000 ብር ያነሰ መሆኑን አንሸሽግም። ጉድለቱ ከበሩ ገቢና ከነጋዴው መደብ ይሸፈን። ሠሪዎቹ ባዛሩን የሚያደምቁት ለሁሉም ነውና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሠሪ ከመዲናይቱ ሠሪ ጋር እኩል አይደለም። ከሉማሜ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ የሚነሣው ሰው መደቡን ከመያዙ በፊት በመንገድና በመኝታ ከፍሏል። ብዙ ሰፊዎች አንድ መደብ በኅብረት የሚይዙበት፣ ሥራቸውም በየስማቸው የሚቀርብበት ስልት ይቀየስ። የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ረገድ ከሚያወጡት ብዙ መፈክር ይልቅ አንድ የጭነት መኪና ቢያዘጋጁ ይመረጣል።

አራተኛ፣ ተመኑ ከምዝገባው በፊት በጽሑፍ ይውጣ። ምን እንደሚከፈል፣ ለምን እንደሚከፈል፣ ባዛሩ ቢታጠፍ ምን እንደሚመለስ ይነገር። ያልተጻፈ ተመን ለአዘጋጁም ለሠሪውም ክብር አይሆንም።

በመጨረሻ በራሳችን ላይ መመለስ አለብን። እኛ የሂስ ሰዎች በኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ተገኝተን፣ ሥራዎቹን ዞረን አይተን፣ የወደድነውን አሞግሰን፣ ያልወደድነውን ነቅፈን ስንወጣ ለመደቡ ስንት እንደተከፈለ ጠይቀን አናውቅም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ባዛር ሲወስዱ የመሶቡን ጥለት ያሳያሉ፤ መሶቡ እዚያ ለመድረስ ያለፈበትን አያስረዱም። የጥበብ ሰዎችም ተመኑ ሲወጣ በየግላቸው ያጉረመርማሉ እንጂ በማኅበራቸው ተሰብስበው ሲደራደሩ እምብዛም አይታዩም። ኪራዩን ያከበደው የአዘጋጁ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የእኛም ዝምታ ነው።

በሚቀጥለው የበዓል ባዛር በአንዲት ሰፊ መደብ ፊት ስንቆም ሥራዋን አገላብጠን «ስንት ነው?» ማለታችን አይቀርም። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄም አብረን እንጠይቅ፦ «ለዚህች ቦታ ስንት ከፈልሽ?» መልሷን ሰምተን በመሶቡ ላይ የምንሰጠው ፍርድ ካልሰማነው በፊት ከምንሰጠው የተሻለ ይሆናል።